የቤኒንካሳ ቃል

ጓልድራዳ ባሏ ሞቶባት የቀራት የውሃ ወፍጮ ብቻ ነበር። እሱንም ጎረቤቷ ቦናጁንታ «የአባቴ ነው» ብሎ ነጠቃት። ከከተማው ካቴድራል ደጃፍ በሚያስችሉት በዳኛ ራኑቾ ፊት ከሰሰችው። ባሏ ወፍጮውን ሲገዛ በቦታው የነበሩ ሦስት ሽማግሌዎች ምስክር ነበሯት።

የቦናጁንታ ነገረ ፈጅ መልስ በመስጠት ፈንታ ቀጠሮ ይለምን ጀመር። ክሱ ግልጽ አይደለም አለ፤ ዳኛው ቀጠሩለት። ቦናጁንታ ታሟል አለ፤ ቀጠሩለት። በዚህ መሀል የወይን ለቀማ ደረሰና ችሎቱ ተዘጋ። ሲከፈት ሁለቱ ሽማግሌዎች አፈር ገብተው ነበር።

የቀሩት ቤኒንካሳ ናቸው፤ እሳቸውም ትንፋሽ እያጠራቸው ነው። ጓልድራዳ በበሬ ጋሪ ጭድ ላይ አስተኝታ አመጣቻቸው።

«ጌታዬ፣ አባባ ለነገ አይደርሱም። ዛሬ ይስሙልኝ።»

ዳኛው ወደ ጋሪው ዞር እንኳ አላሉም። «ተከሳሽ መልስ ሳይሰጥ ምስክር አይሰማም።»

«ሊሞት የደረሰ ግን አስቀድሞ ይሰማል አሉኝ የሰፈራችን ቄስ።»

«ይሰማል፣ ዳኛው ከፈቀደ።»

«ታዲያ ይፍቀዱልኛ።»

«አልፈቅድም። ከዛሬ ሳምንት ቅረቡ።»

ነገረ ፈጁ ፈገግ አለ። «እስከዚያ ሾርባ እያጠጣሽ አቆዪያቸዋ።»

ሰው ሳቀ። ቤኒንካሳ ከጭዱ ላይ አንገታቸውን እንደ ምንም ቀና አደረጉ።

«ለባሏ ነው የተሸጠው። አይቻለሁ» አሉ።

ጓልድራዳ ወደ ጸሐፊው ዞረች። «ሰምተሃል አይደል? ጻፍልኝ እንጂ።»

ጸሐፊው ዳኛውን አየ። ዳኛው ጣታቸውን አወዛወዙ። ጸሐፊው ብዕሩን አስቀመጠ።

ቤኒንካሳ በሦስተኛው ቀን ሞቱ። ሳምንቱ ሲሞላ ቦናጁንታ ጉንጩ ቀልቶ፣ ጤናው ተርፎት መጣና መልሱን ሰጠ።

«በይ ምስክሮችሽን አቅርቢ» አሏት ዳኛው።

«መሞታቸውን ያውቃሉ እኮ።»

«እኔ የማውቀው መዝገቡ ላይ ያለውን ነው።»

ወፍጮው ለቦናጁንታ ተፈረደለት። ጓልድራዳ ከዚያ ወዲያ ማሽላዋን ተሸክማ፣ ጋራውን ተሻግራ ከሌላ አገር ታስፈጭ ነበር። ጉልበቷ ሲከዳት ጊዜ ግን ቦናጁንታ ደጅ ሄዳ ተሰለፈች። እሱም ከኋላዋ የመጣውን ሁሉ እያስቀደመ እስከ ማታ አቆማትና «ውሃው ቀንሷል» ብሎ በሩን ዘጋባት።

ጆንያዋን ተሸክማ ተመለሰች፤ ማሽላውንም ሳይፈጭ ቀቅላ በላች።