የዙበይዳ ቁጣ

ሰዓደት ጥሪውን የተቀበለችው ሰባት ዓመት ያንገበገባትን አንድ ንግግር ለማስተባበል ነበር።

የደወለላት ዛኪር ነው። «ባለ ሦስት በር» የሚባለው የቴሌቪዥን ኮሜዲ ሲሠራ የድምፅ ባለሙያ ነበር፤ አሁን ራሱን ችሎ ፕሮዲውሰር ሆኗል። ድራማው ለአሥራ አንድ ዓመት እሑድ እሑድ ሲታይ ቆይቶ ካበቃ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ዛኪር የቀድሞ ተዋንያኑን አንድ መድረክ ላይ ሰብስቦ ለበዓል የሚተላለፍ ልዩ ዝግጅት ሊቀርጽ አስቧል።

«እትዬ ሰዓደት፣ ያለ እርስዎ አይሆንም» አላት። «ሕዝቡ ዙበይዳን ናፍቋል።»

ዙበይዳ ሰዓደት ትጫወታት የነበረችው ነጋዴ ናት፤ ምላሷ የሚያቃጥል፣ ከጎረቤቷ ባለሱቅ ከጋሽ ደምሴ ጋር በአንድ ግድግዳ ሰበብ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የተጣላች። ጋሽ ደምሴን ሆኖ የሚጫወተው ጎበዜ ነበር።

«ጎበዜ ይመጣል?» አለች ሰዓደት።

«ይመጣል።»

«እንግዲያው እኔም እመጣለሁ። ግን በሬዲዮ ስለ እኔ ያለውን ነገር ካሜራ ፊት ይጠየቅልኝ።»

«መድረኩን የምትመራው ፀደይ ናት፤ እሷ ታነሳዋለች። ቃሌ ነው እትዬ።»

ሰዓደት ከትወናው በፊትም በኋላም መርካቶ ውስጥ ጨርቅ ነጋዴ ናት። የድራማው ዳይሬክተር ለመጋረጃ የሚሆን ጨርቅ ሊገዛ መጥቶ፣ ዋጋ ሲከራከራት ፈገግ እንኳ ሳትል የመለሰችለት መልስ አሳቀውና «አንድ ትዕይንት ብቻ ሥሪልኝ» ብሎ ለመናት። በዚያው አሥራ አንድ ዓመት ቆየች። ድራማው በቆመ በዓመቱ ከአብነት ታክሲ ተሳፍራ ስትሄድ ጎበዜ በሬዲዮ ቃለ መጠይቅ ሲሰጥ ሰማችው። «ሰዓደት'ኮ አልተወነችም» ይላል እየሳቀ። «ከሱቋ አውጥተን ካሜራ ፊት አቆምናት። ራሷን ነው የሆነችው።» ጋዜጠኛው ሳቀ፤ ሾፌሩም ሳቀ። አጠገቧ የተቀመጠችው ሴትዮ ደግሞ ለየቻትና «ውይ ዙበይዳ!» ብላ እጇን ጨብጣ አልለቅ አለች። ሰዓደት መውረጃዋ ሳይደርስ ወረደች።

በተፈጥሮዋ ሰዓደት ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ደንበኛ ሲያበሳጫት ዝም ብላ ጨርቁን አጣጥፋ የምትመልስ ሴት ናት። የዙበይዳን አነጋገር ያገኘችው አትክልት ተራ ነው። እዚያ ሽንኩርት በጅምላ የምታከፋፍል አንዲት ሴትዮ ነበረች። ሰዓደት ሦስት ሳምንት ጠዋት ጠዋት ከሴትዮዋ አጠገብ እየቆመች ትንፋሽ የት እንደምትወስድ፣ ስትናደድ የትኛውን ቃል እንደምትጎትት ስታዳምጥ ከረመች። ከዚያም ሱቋ ውስጥ፣ በጨርቅ ጣቃዎቹ መካከል ቆማ፣ ገበያተኛ በሌለበት ሰዓት እያንዳንዱን ንግግር ትለማመድ ነበር። ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው።

ቀረጻው እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ጭድ ተራ አቅራቢያ ባለ አዲስ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ በተከራዩት አዳራሽ ነበር። ሊፍቱ አይሠራም። ሰዓደት እያለከለከች ስትደርስ የድሮዎቹን ሁለት ሱቆች በኮምፔንሳቶ መልሰው ሠርተዋቸው አየች። ግድግዳው የሚታወቅበት ሰማያዊ ቀለም ቀርቶ አረንጓዴ ተቀብቷል።

«ሰማያዊ ነበር'ኮ» አለችው ዛኪርን።

«ማንም ልብ አይለውም እትዬ።»

ጎበዜ ቀድሟት ተቀምጧል። ጺሙ ሸብቷል። ከወንበሩ ብድግ ብሎ ሰላም ሲላት ጉንጯን ሰጠችው እንጂ አላነጋገረችውም።

ሁለት መቶ ያህል ተመልካች አጨበጨበና ተጀመረ። ፀደይ በድራማው ጊዜ ተማሪ የነበረች፣ ፈጣንና ሳቂታ ልጅ ናት። አንድ የቆየ ትዕይንት ታሳያለች፤ ሰዉ ይስቃል፤ «ያኔ ምን ተሰማዎት?» ትላለች፤ መልሱ ሳያልቅ ሌላ ትዕይንት ይከተላል። ሰዓደት ጥያቄዋን ጠበቀች። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር እስኪነሳ ሃያ ደቂቃ ተቀመጡ፤ ጠበቀች። የማይክራፎኗ ባትሪ አለቀ፣ ተቀየረላት፣ እንደገና አለቀ። ኬክ መጣ፤ ክሬሙ በሙቀቱ ቀልጦ የድራማው ስም አይነበብም። ተቆረሰ፤ አሁንም ጠበቀች። ከካሜራው ኋላ የቆመውን ዛኪርን ባየችው ቁጥር በእጁ «ይቆዩ፣ ይመጣል» ይላታል።

በመጨረሻ ፀደይ ካርዶቿን ሰብስባ፣ «እንግዲህ ውድ ተመልካቾቻችን…» ስትል ሰዓደት የመዝጊያው ንግግር መሆኑ ገባት።

«አንድ ጥያቄ ቀርቷል» አለች።

«እሺ እትዬ?»

«ለጎበዜ ነው።» ወደ እሱ ዞረች። «በሬዲዮ አልተወነችም ብለሃል። እውነት አልተወንኩም?»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሌሎች ተከተሉ።

«አትሳቁ» አለች ሰዓደት። ይሄኔ ሳቁ ባሰ። «የምሬን ነው! አሥራ አንድ ዓመት አብረኸኝ ሠርተህ፣ ከሱቋ አውጥተን አቆምናት ትላለህ? እኔ ዕቃ ነኝ?»

ድምፅዋ ከቁጥጥሯ ወጣ። ከፍ ብሎ «ዕቃ» የሚለውን ቃል ጎተተው፤ ራሷም ሰማችው። የዙበይዳ ድምፅ ነበር። አዳራሹ በፉጨትና በጭብጨባ ተናጋ። ጎበዜን በዓይኗ ለመነችው፤ ቢያንስ እሱ ቁጣዋ የእውነት መሆኑን ያውቃል። እሱም አያት። ሰዉን አየ። ከዚያ ሱሪውን ሳብ አድርጎ፣ አንገቱን እንደ ጋሽ ደምሴ ሰበር አደረገና፣

«ኧረ ሴትዮ! አሁን ደግሞ በግድግዳው አልፈሽ ሬዲዮዬን ታዳምጪ ጀመር?» አለ።

ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበ። ፀደይ በሳቅ እንባዋን ጠረገች። ሰዓደት ማይክራፎኑን ከቀሚሷ ነቅላ ወንበሩ ላይ ጣለችውና ወጣች። ለዚህም ተጨበጨበ።

ጎበዜ ሦስተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ደረሰባት።

«ሰዓደት፣ ቆዪ እንጂ።»

«ምን ልቆይ? የጠየቅሁት ጎበዜን ነው። አንተ ደምሴን ላክብኝ።»

«ሰዉ ሲስቅ አፌ አይታዘዘኝም። ታውቂኛለሽ'ኮ።»

«አውቅሃለሁ። አንተም ታውቀኛለህ። ለዚህ ነው የሚያቃጥለኝ።»

ጎበዜ ግድግዳውን ተደገፈ። «አራት ዓመት ቴአትር ተምሬያለሁ» አለ። «አሥር ዓመት መድረክ ላይ ቆሜያለሁ። አንቺ ከሱቅሽ መጥተሽ በመጀመሪያው ቀን ዝም ስትዪ እንኳ ሰው ይስቅ ነበር። እንዴት እንዳደረግሽው እስከ ዛሬ አልገባኝም። ቀናሁብሽ። በቃ፣ ሌላ አይደለም።»

«አትክልት ተራ ስመላለስ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር። አንድ ጠዋት አይቼሻለሁ። ሴትዮዋን እያየሽ ከንፈርሽ ይንቀሳቀስ ነበር።»

ሰዓደት የደረጃውን ብረት ያዘች። የፈለገችው ይህንኑ ነበር፤ ግን ሌላ የሰማ የለም። ካርቶን ተሸክሞ ወደ ላይ የሚወጣ አንድ ሰውዬ ብቻ አለፈና፣ «ዙበይዳና ደምሴ! ዛሬም ትጣላላችሁ?» ብሎ እየሳቀ መንገዱን ቀጠለ።

«ግባና ይህንኑ በል» አለችው። «አንድ ቃል አትጨምር፣ አትቀንስ።»

«እላለሁ።»

አብረው ተመለሱ። መብራቶቹ እየተነቀሉ፣ ተመልካቹ በሌላው በር እየወጣ ነው። ዛኪር እጁን ዘርግቶ መጣ። «እትዬ፣ ገደሉን'ኮ! ከዚህ የተሻለ መዝጊያ አይገኝም!»

«አልተዘጋም። ጎበዜ የሚናገረው አለ።»

«አዳራሹን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነው የያዝነው እትዬ። ካሜራዎቹም ታሽገዋል።»

«በስልክህም ቢሆን ቅረጸው።»

ዛኪር ጎበዜን አየው። ጎበዜ ሰዓቱን አየ። «ከመሸባቸው… ሌላ ቀን ይሻላል» አለ፤ ወጥሮት የነበረው ትከሻውም ወረደ። ሰዓደት ትከሻው ሲወርድ አየችው። ከሬዲዮው ንግግር ይልቅ ያ አመማት።

«እንግዲያው የእኔን ንግግር ከቀረጻው ቆርጠህ አውጣው» አለችው ዛኪርን።

«አየዋለሁ እትዬ።»

አላወጣውም። ይባስ ብሎ ሳምንቱን ሙሉ የዝግጅቱ ማስታወቂያ አደረገው። ወጣቶች «እኔ ዕቃ ነኝ?» የሚለውን ድምፅ እየወሰዱ፣ ወገባቸውን ይዘው፣ ቲክቶክ ላይ ለቀቁት። ሱቋ የሚመጣ ደንበኛ ሁሉ አንዴ እንድትልለት ይለምናታል። ለዛኪር ደወለች፤ ስብሰባ ላይ ነኝ አላት። ለጎበዜ ደወለች፤ «ትንሽ ጊዜ ስጪኝ» አለ፤ ከዚያ በኋላ ስልኳን ማንሳት ተወ።

በበዓሉ ቀን ልጇ ናኢማ ሶፋው ላይ ሆና ስታይ ከት ብላ ሳቀች። ቀና ስትል የእናቷን ፊት አየችና አፏን በእጇ ያዘች።

«እማዬ፣ የምርሽን ነበር እንዴ?»

«የምሬን ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«የት ዝም አልኩ?» አለች ሰዓደት በእጇ ቴሌቪዥኑን እያሳየች። «ይኸው ስጮህ እያየሽኝ!»

ከበዓሉ በኋላ በሦስተኛው ቀን ዛኪር ራሱ ደወለ። ለደንበኛ ጨርቅ እየለካች ነበር፤ መቀሱን አስቀምጣ አነሳች። ተመልካቹ ከጠበቁት በላይ እንደሆነ፣ ድራማው ሊቀጥል መሆኑን፣ በየክፍሉ እንደዚያ ቀን የምትቆጣበት ቦታ እንደሚኖር ነገራት።

«ልምምድ ስንት ቀን ነው?» አለችው።

«ልምምድ ለእርስዎ ምን ያደርግልዎታል እትዬ? ያው ራስዎን መሆን ነው'ኮ።»

ሰዓደት የለካችውን ጨርቅ አጣጥፋ ለደንበኛዋ ሰጠችና ወደ ሱቁ ውስጠኛ ክፍል ገባች።

«ዛኪር፣ ዙበይዳን አልሠራም» አለች። «ሌላ ሴት ጻፉልኝ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ቃል የማትናገር። ስክሪፕቱ ቀድሞ ይድረሰኝ፤ ሁለት ሳምንትም ልለማመድ።»

ዛኪር ሳቀ። ከልቡ ነበር የሳቀው፤ አጠገቡ ላለ ሰው «ዙበይዳ አትናገርም አለች!» ሲል፣ ያም ሰው ሲስቅ ተሰማት። ስልኩን አልዘጋችም። ሳቁ እስኪያልቅ ጣቃ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች።

«ይቅርታ እትዬ» አለ በመጨረሻ። «የምርዎን ምን አሉኝ?»

«ከአጠገብህ ያለውን ሰው አስወጣና ስማኝ» አለች፤ በዚያ ዝቅ ባለው፣ በራሷ ድምፅ። ከዚያም ስለ ዝምተኛዋ ሴት ያለችውን ከመጀመሪያው ጀመረችለት።