የሞተሩ ምስክርነት

አንድ ግንበኛ የአንድ ባለ መጋዘን የሆነውን አሮጌ የናፍጣ ፒካፕ ሊገዛ ሲያስብ፣ መርምሮ እንዲመክረው የሚስቱን ወንድም ይዞ ሄደ። ይህ ሰው ያንኑ መኪና ዘጠኝ ዓመት የነዳ ሾፌር ነበር። ባለ መጋዘኑ «ሞተሬን አቃጠለብኝ» ብሎ በሠራተኞቹ ፊት አዋርዶ ካባረረው ወዲህ፣ መሪ ያስጨበጠው አልተገኘም። ቂሙን ሦስት ዓመት በልቡ ሲያብላላ ኖሯል።

ባለ መጋዘኑ ባየው ጊዜ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ነገር ግን ገዢው እንዳይሸሸው ብሎ ፈገግ አለ። ሾፌሩ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን በመዳፉ ዳሰሰ።

«አሙቀው ነው የጠበቁን። የሞተር ጤና የሚታወቀው ቀዝቅዞ ሲነሣ ነው፤ ይቀዝቅዝና እናስነሣዋለን» ብሎ የመኪናውን ሥር አጎንብሶ አየና ከጎማው አጠገብ ተቀመጠ። የመጋዘኑ ጫኞችም ነገሩን ለማየት ተሰበሰቡ።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ሞተሩ ሳያንገራግር ተነሣ።

«አላልሁም? ከተገዛ ጀምሮ ለጥገና ተከፍቶ አያውቅም!» ሲል ባለ መጋዘኑ ፎከረ።

«እንግዲያው ጋሼ፣ እኔ ያቃጠልሁት የትኛውን ሞተር ነው?»

ጫኞቹ ሳቁ። ባለ መጋዘኑ ግንበኛውን አየ፤ ሠራተኞቹንም አየ።

«አልተቃጠለም ነበር» አለ በለሆሳስ።

«ከኋላ ያሉት አልሰሙም።»

«አልተቃጠለም!»

«ታዲያ ልግዛው?» አለ ግንበኛው።

ሾፌሩ እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ሞተሩ ደኅና ነው። መኪናውን ከሥር የተሸከመውን ሻንሲ ግን ዝገት ጨርሶታል፤ ድንጋይ ብትጭንበት መንገድ ላይ ይሰበራል። ና እንሂድ።»

«አንተ ሰው፣ ይህን ስትመጣ ለምን አልተናገርህም?» ሲል ባለ መጋዘኑ ጮኸ።

«እኔ ብናገር ኖሮ፣ እርስዎ መቼ ይናገሩ ነበር?»