ወባ ብቻ

ጨርቅ ነጋዴው አብዱልከሪም፣ የዝንጀሮ ፈንጣጣ ሞያሌ መግባቱን በስልኩ ካነበበ ጀምሮ ሰው መጨበጥ ተወ። ሞያሌ ከባሕር ዳር የትና የት! እሱ ግን ሱቁ ደጃፍ ላይ ገመድ ወጥሮ ደንበኞቹን ከገመዱ ወዲያ ያቆማቸው ጀመር። ከወረታ የመጡትን የገዛ አጎቱን እንኳ ሰላም ያላቸው ከሩቅ ነው።

«ሰው ታስቀይማለህ» አለችው ሚስቱ ጀሊላ።

«ቂም ይለቃል። የዚያ በሽታ ጠባሳ ግን አይለቅም።»

ጭራሽ ከእሷና ከልጃቸው ከተስኒም ተለይቶ ሳሎን መተኛት አመጣ። ወደ ሐይቁ የሚያየውን መስኮት «ንጹሕ አየር ይግባ» ብሎ ወለል አድርጎ ይከፍተዋል። ከቀበሌ የታደለውን አጎበር ደግሞ አቧራ እንዳይነካቸው ብሎ ቤት ላስቀመጣቸው የጨርቅ ጣቃዎች አልብሷቸዋል።

ክረምቱ እንደወጣ አንድ ጠዋት ብርድ ብርድ አለው። ጥርሱ ተንገጫገጨ። ክንዱን ቢያይ ቀያይ ነገር ሽፍ ብሎበታል።

«ጀሊላ! እንዳትቀርቢኝ፤ አለቀልኝ!» ብሎ ጮኸ። «እዚያው ሁነሽ ስሚ። ተስኒም ትምህርቷን እንዳታቋርጥ። አንቺም ብታገቢ አልቀየምም፤ ጎረቤታችንን ዓብደላን ብቻ እንዳታገቢ።»

«ዓብደላ ደግሞ ምን አደረገህ?»

«ባለፈው ጁምዓ በግድ ጨብጦኛል!»

ጀሊላ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ባጃጅ ጠራች።

ጤና ጣቢያ ነርሷ እሌኒ ከጣቱ ደም ወስዳ አስመረመረችና ውጤቱን ይዛ መጣች።

«ወባ ነው።»

«ክንዴስ? የዝንጀሮ ፈንጣጣ አይደለም?»

«ቢንቢ ነክሶዎት ነው። አጎበር የለዎትም?»

«አለው» አለች ጀሊላ ቀደም ብላ፤ «ጨርቆቹ ይተኙበታል።»

አብዱልከሪም ይህን አልሰማም። «ወባ ብቻ? አልሐምዱሊላህ!» ብሎ እየተንቀጠቀጠ ተነሣና ወረፋ የያዙትን ሰዎች አንድ በአንድ ጨበጣቸው።

«ወባ ብቻ አይባልም» አለች እሌኒ ኮስተር ብላ። «የፈሩትን በሽታ እዚህ አንድ ሰው ላይ አላየሁም። ዛሬ ከጧት ጀምሮ ያየሁት ግን ሁሉም ወባ ነው። ትናንት አንዲት እናት በቃሬዛ መጥተውልኛል።»

አብዱልከሪም የያዘውን እጅ ለቀቀና ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

ቤት እንደገቡ አጎበሩን ራሱ አራግፎ አልጋው ላይ ሰቀለው። በማግስቱ ትኩሳቱ ሲበርድለት ግን «ድኛለሁ» ብሎ የቀረውን ኪኒን ሊተው ነበር። ጀሊላ ፊቱ ቆማ እስከ መጨረሻዋ ፍሬ አስዋጠችው።

በሳምንቱ ሱቁን ከፈተ። ከስቶ ሱሪው አልቆም ስላለው፣ ቀኑን ሙሉ በአንድ እጁ ጨርቅ እየለካ በሌላው ወገቡን ይዞ ዋለ።