መሬት የነካችው ኳስ

እኛ መንደር ሰው ሰልፍ ጥሶ ሲገባም፣ ባልንጀራውን ከኋላው ሲያማም «ይሄማ ክሪኬት አይደለም» ይባላል፤ ክሪኬት እኛ እንግሊዞች ኳስ በእንጨት መምቻ እየመታን የምንጫወተው ነው፣ አባባሉም ከጨዋ ሰው አይጠበቅም ማለት ነው። የቡድናችን ተጫዋች አናጢው ጎርደን ታክሬይም ልጆቹን ሲቆጣ ይህንኑ ነው የሚላቸው።

ባለፈው ነሐሴ ከወንዝ ማዶ ካለው መንደር ጋር ለዋንጫ ተጫወትን። የእነሱ የመጨረሻ መቺ ዊልፍ ጋርሳይድ ነበር፤ ለጎርደን አናጢነትን ያስተማረው ሰው። ጉልበቱ አልታዘዝ ስላለው የመጨረሻ ጨዋታው መሆኑን ሁላችንም እናውቅ ነበር። እነሱ ሊያሸንፉ ጥቂት ሲቀራቸው ዊልፍ የመታት ኳስ ዝቅ ብላ ወደ ጎርደን መጣች። ጎርደን በደረቱ ወድቆ ያዛት። ኳስ መሬት ሳትነካ ከተያዘች መቺው ከጨዋታ ይወጣል። ይቺ ግን ሣሩን ነክታ ነው እጁ የገባችው፤ ጣቶቹ ሥር ስትነጥር ተሰምቶታል።

ዳኛው መሬት መንካቷን አላየም። ዊልፍ ወደ ጎርደን ዞረ።

«ይዘሃታል?»

«ይዣታለሁ።»

ዊልፍ ሌላ አልጠየቀም። መምቻውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ እያነከሰ ወጣ። ሜዳው ሁሉ ቆሞ አጨበጨበለት።

ዋንጫው የእኛ ሆነ። መጠጥ ቤት ለጎርደን ቢራ ቢደረደርለትም ሳይነካው ወደ ቤቱ ሄደ። ሚስቱ ምን ሆነሃል ብትለው ራሴን አሞኛል አላት። ሰኞ ዕለት ለቡድን መሪያችን ለሬይመንድ እውነቱን ነገረው። ሬይመንድ ሳቀና «ዳኛው ላላየው አንተ ምን ቤት ነህ? ዋንጫው ከተወለወለ በኋላ ጻድቅ አትሁንብን» አለው።

ጎርደን ግን እንቅልፍ አጣ። በማግስቱ ዊልፍን ከሥራ ቤቱ ሄዶ አገኘውና ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሳ ተናዘዘ። ዊልፍ መላጊያውን አስቀመጠ።

«ዳኛውን መጠየቅ እችል ነበር» አለ። «አንተን ጠየቅኩ።»

«አውቃለሁ፣ ዊልፍ።»

«አታውቅም። ዳኛው ተሳስቶ ቢሆን ስቄ አልፈው ነበር።»

ይቅር ብዬሃለሁ አላለውም። ለሰዉ ራስህ ንገር አለውና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ቅዳሜ መጠጥ ቤቱ ሞልቶ ሳለ ጎርደን ተነስቶ ኳሷ መሬት መንካቷን ተናገረ። ዋንጫው ወንዙን ተሻገረ፤ ሬይመንድም እስከ ገና ድረስ አላናገረውም። ዊልፍ ግን ዋንጫውን ለማየት እንኳ ከቤቱ አልወጣም፤ እሱ ያጣው የመጨረሻ ጨዋታውን ነበርና ያንን የሚመልስለት የለም።

በጥቅምት ነፋስ የዊልፍን አጥር ጣለው። ጎርደን ሳይጠሩት መዶሻውን ይዞ ሄደና ሲያቆም ዋለ። ዊልፍ መስኮቱ ላይ ቆሞ አየው። ሂድ አላለውም፤ ሻይም አላወጣለትም።