የዓርብ ብልሽት

ምራቷ ጫማዋን አውልቃ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው የተበላሸውን ኮምፒውተር አልነበረም። ዐይኗ ከበሩ ጀርባ ያለውን የኮት መስቀያ ቃኘ፤ ከዚያ ባዶውን ሶፋ፣ ከዚያ ገርበብ ያለውን የመኝታ ቤት በር። የመሣሪያ ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ አማቷን የሳመችው ከዚያ በኋላ ነው።

«ብቻሽን መጣሽ?» አለች አማቷ።

«ብቻዬን ነኝ እማማ። ትናንት ሲደውሉ ስልኩን ያነሳሁት እኔ አይደለሁ? ዛሬ እረፍቴ ስለሆነ እስቲ ልየው ብዬ ነው።»

አማቲቱ ጡረታ ከወጣች ስድስት ዓመት ቢሞላትም ሰፈሩ ዛሬም «ጸሐፊዋ» ነው የሚላት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሥራ አስኪያጆች ደብዳቤ ስትጽፍ ኖራለች፤ አሁን ደግሞ በቤቷ ኮምፒውተር የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ ትተይባለች። ጣቶቿ ፊደል አይስቱም። ዛሬ ግን ጣቶቿን የምታደርግበት አጥታ የቀሚሷን ጫፍ ታፍተለትል ነበር። የጠበቀችው ልጇን ነዋ። ይባስ ብሎ ምራቷ የለበሰችው ግራጫ ሹራብ የልጇ ነው። ባለፈው ዓመት ለልደቱ ራሷ መርጣ የገዛችለት ሹራብ፣ እጅጌው ሦስት ጊዜ ተጠቅልሎ ከዚያች ቀጭን ክንድ ላይ ተንጠልጥሏል።

«እዚያው ነው፣ ጠረጴዛው ሥር» አለች ባጭሩ።

ልጇ ከማግባቱ በፊት ቅዳሜ የእሷ ነበር። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣል፤ «ደግሞ ምን አደረግሽው?» እያለ እየሳቀ ወንበሩን ይስባል፤ አንዴ የቀዘቀዘውን፣ አንዴ የማያትመውን ሲነካካ ውሎ ማታ ነው የሚሄደው። ከሠርጉ በኋላ ቅዳሜው በየሁለት ሳምንቱ ሆነ። አንድ ቀን ወለል ስትወለውል መወልወያው የኮምፒውተሩን ገመድ ጎትቶ ነቀለው፤ «ሞተብኝ» ብላ ብትደውል በዚያው ቀን እየበረረ መጣ። እሷም አልረሳችውም። ቅናት ያላስተማሩትን ጥበብ ያውቃል። ያለፉትን አራት ሳምንታት ዓርብ ዓርብ ከሰዓት፣ ማሽኑ እየሠራ ሳለ፣ እጇን ከጀርባው ሰድዳ ገመዱን ሳብ ታደርጋለች፤ ከዚያ ስልክ ታነሳለች።

ልጇ ግን አልመጣም። «እማዬ፣ ሥራ በዝቶብኛል፣ በሚቀጥለው» ይላል። ሥራው ምን እንደሆነ እሷ ታውቃለች፤ ሥራው ሚስቱ ናት። ደግሞም ሙያዋ ኮምፒውተር ጥገና የሆነ ሚስት። የእናቱን ማሽን ልጠግን ብሎ ለመምጣት እንኳ ሰበብ ያላስቀረችለት። ሰኞ ሲነጋ ጸሐፊዋ ራሷ ትንበረከክና ገመዱን መልሳ ትሰካለች፤ የተማሪዎቹ ጽሑፍ አይጠብቅማ።

ምራቷ ጠረጴዛው ሥር ገብታ የገመዱን ጫፍ ነካ አደረገችው። ላላ ብሏል። ገፋ አድርጋ አጠበቀችውና ቁልፉን ተጫነች፤ ማሽኑ ነፍስ ዘራ። ነገሩ ከደቂቃ አላለፈም። ጸሐፊዋ «አመሰግናለሁ፣ ልጄ» ልትል አፏን ስትከፍት ምራቷ አጠፋችውና ብሎን መፍቻዋን አወጣች።

«ተሠራ አይደል እንዴ?»

«አቧራውን ላራግፍለት።»

ጎኑን ከፈተች። በለስላሳ ብሩሽ የማቀዝቀዣውን ማራገቢያ ጠረገች፤ የማሽኑን ሜሞሪ ካርድ ነቅላ ወርቃማ ጥርሶቹን በእርሳስ ላጲስ ፈተግ ፈተግ አደረገችና መልሳ ሰካችው። እጇ ፈጣንና ንጹሕ ነው። ጸሐፊዋ ሥራ የሚያውቅ እጅ ስታይ ዝም ማለት አይሆንላትም፤ ይኼን ግን ጥርሷን ነክሳ አላደነቀችም። እንዲህ ያለ እጅ ልጇን ቢይዘው ይለቀዋል?

«ሹሜም እንዲህ ነው የሚጠርገው?» አለች ምራቷ ቀና ሳትል።

ጸሐፊዋ ደረቷ ላይ አንድ ነገር ወጋት። «ሹሜ» እሷ ብቻ ልጇን የምትጠራበት ስም ነው። ልጇ አምስት ዓመቱ ሳለ ቢሮዋ ወንበር ላይ ወጥቶ ተላላኪውን ሲያዝ ያወጣችለት ነው። ሹራቡ አልበቃ ብሎ ስሙንም ወሰደችው።

«እሱ እንደሚያውቀው ነው የሚሠራው» አለች።

ማሽኑ ዳግም ሲበራ ምራቷ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ለጸሐፊዋ እንግዳ የሆነ ቦታ ገብታም አንድ ረጅም ዝርዝር ከፈተች፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ቀን፣ ሰዓት።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ማሽኑ መቼ እንደበራ፣ መቼ እንደጠፋ ራሱ የሚይዘው መዝገብ ነው። በአግባቡ ሳይዘጋ ኃይል ከተቋረጠበትም ይጽፋል።» በጣቷ አንድ በአንድ አሳየች። «ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት። ዓርብ ዘጠኝ ከሩብ። ዓርብ። ዓርብ። ትናንትም።»

የጸሐፊዋ ፊት ጋለ። በሠላሳ ዓመት ሥራዋ አንድ ቀን ተሳስታ አለቃ ፊት አልቆመችም፤ አሁን በልጅ እግር ፊት በራሷ ማሽን ተከሰሰች። «መብራቱ ይሆናል» ለማለት አስባ ተወችው።

«እኔ ነኝ የምነቅለው» አለች በመጨረሻ። «ደስ ይበልሽ። ሂጂና ንገሪው፤ ተሳሳቁብኝ።»

«ገመዱን እንኳ ላላ ብሎ ሳገኘው ጠርጥሬያለሁ» አለች ምራቷ በለሆሳስ። «ለዚያ አልመጣሁም። እስቲ ይኼን ይዩልኝ። ዓርብ ጠፍቶ የሚበራው ሰኞ ጠዋት ነው። አራቱንም ሳምንት። ቅዳሜ አንድም ቀን አልተከፈተም።»

«ማን ይከፍተዋል?»

ምራቷ ወንበሩን አዙራ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አየቻት። ዐይኗ ሥር እንቅልፍ ያጣ ሰው ጥላ ነበረው።

«ሹሜ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋት ወጥቶ ማታ ነው የሚመጣው። ‹የእማዬን ኮምፒውተር ስጠግን ዋልኩ› ይለኛል። ዛሬም እዚህ ነኝ ብሎ ነው የወጣው።» «በእርስዎ ስቀና ከረምኩ፣ እማማ። ከእኔ ጋር ከመዋል የእናቱን አሮጌ ማሽን ይመርጣል እያልኩ። ዛሬ ምነው በእናቱ በቀናሁ አልኩ።»

የጸሐፊዋ ልብ መጀመሪያ የተሰማው፣ እግዜር ይቅር ይበላትና፣ ደስታ ነበር። ለካ ምራቷም እሱ የላትም። ሹራቡን ለብሳ፣ ስሙን ጠርታ፣ ባዶዋን ናት። ደስታው ግን አንድ ትንፋሽ አልቆየም። ቅዳሜ ቅዳሜ «ሥራ በዝቶብኛል» ያላት ልጇ ለሚስቱ የእሷን ስም ሰበብ አድርጎ ይወጣ ነበር ማለት ነው። ለእናትየው የሚስት፣ ለሚስትየው የእናት ጥፋት አስመስሎ ሁለቱን ጎን ለጎን አቃጥሏቸዋል።

«እዚህ መጥቶ ያውቃል? በእነዚህ አራት ቅዳሜዎች?» አለች ምራቷ። «አዎ ካሉኝ አምንዎታለሁ።»

አዎ ማለት ቀላል ነበር። ጸሐፊዋ ለዚህ ሥራ አዲስ አይደለችም። አንድ ሥራ አስኪያጅ ነበራት፤ ሚስቱ ስትደውል «ስብሰባ ላይ ናቸው» ትላት ነበር፣ ያለ አንዳች መንተባተብ። ሴትየዋ ሁልጊዜ «እሺ፣ እግዜር ይስጥሽ» ትልና ስልኩን ሳትዘጋ ጥቂት ትቆያለች። ያ ዝምታ ምን እንደሆነ ጸሐፊዋ ያኔ አልጠየቀችም፤ ሌላ ደብዳቤ ትጀምራለች።

መልስ ሳትሰጥ የእጅ ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ነዘረ። ሹሜ ነው። ምራቷም ስሙን አየችው፤ አየችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ጸሐፊዋ አነሳችው። «ወዬ።»

«እማዬ፣ እንዴት አደርሽ፣ ምን ሆነሽ ነው ድምፅሽ?» ችኮላ ላይ ነበር። «ስሚኝማ፣ ድንገት ሚስቴ ከደወለች እዚያ ነኝ በያት። ኮምፒውተሩን እየሠራ ነው በያት። ኋላ እነግርሻለሁ። እሺ እማዬ? ላንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?»

አራት ሳምንት የናፈቀችው ቃል ነበር። ላንቺ ካልነገርኩ። ልጇ ወደ እጇ ተመለሰላት፤ ከሚስቱ በፊት እሷን አስቀደመ፤ ምስጢሩን በመዳፏ አኖረላት። አንዲት ቃል ብትል ከእንግዲህ የልጇ ቅዳሜ በእሷ በኩል ነው የሚያልፈው። የምራቷ ትከሻ በዚያ ሰፊ ሹራብ ውስጥ ጠቦ ሲታያት እንኳ ጣፋጩ ነገር ምላሷ ላይ ነበር።

«እማዬ? ትሰሚኛለሽ?»

ስልኩን ከጆሮዋ አወረደች። ድምፁ ጮክ ብሎ እንዲሰማ የሚያደርገውን ምልክት ነክታ በኮምፒውተሩና በላጲሱ መካከል ጠረጴዛው ላይ አጋደመችው።

«አጠገቤ ናት፣ ሹሜ» አለች። «ሁለታችንም እንሰማሃለን።»

ከወዲያ ማዶ ትንፋሹ ይሰማል፤ ከትንፋሹ ኋላ በር ቀስ ብሎ ሲዘጋ ይሰማል። ምራቷ ከመስኮቱ ዞረች። ጸሐፊዋ ጠጋ አለችና ወንበሩ ጫፍ ላይ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ሁለቱ ሴቶች ትከሻ ለትከሻ ሆነው፣ የሚናገረውን ለመስማት ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ።