በሰባት ሲባዛ

በዚያ ዓመት ዝናቡ ሐምሌ ላይ ቀረ። ነሐሴ ሲገባ ያለ ልክ መጣ። የሰሊጡ ሥር በሰበሰ። የተረፈውን ማሽላ ግሪሳ ወፍ አራገፈው። የቀን ሠራተኛውን ካላዛር የሚሉት የቆላ ትኩሳት ጣለው።

ሰጠኝ ያኔ ከደጋ ለአረም የወረደ ጎረምሳ ነበር። ኮኪት ከተማ ላይ ትኩሳቱ ሲጥለው ዘመድ አልነበረውም። የሰሊጥ ነጋዴው ሐጂ ኸሊፋ ከመጋዘናቸው ደጅ አንስተው በትራክተር ተሳቢ ጫኑትና ወደ ሐኪም ይዘውት ሄዱ። መንገድ ላይ ትራክተሩ ዋልካው ጥቁር ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። ጎታች እስኪመጣ ሐጂ እንዲተኛ አልፈቀዱለትም።

«አንተ የደጋ ልጅ፣ ዓይንህን ግለጥ! ማባዛት ታውቃለህ?»

«አራተኛ ክፍል ደርሻለሁ።»

«ታዲያ ምሁር ነሃ!»

ተሳቢው ብረት ላይ በተለጠፈው ጭቃ በጣታቸው 142857 ብለው ጻፉ። «በሁለት አባዛ።»

እየተንቀጠቀጠ አባዛ፤ 285714። በሦስት፤ 428571። ስድስቱ ያው ስድስቱ ናቸው፤ ከፊት ያሉት ተነስተው ከኋላ ይሰለፋሉ እንጂ የሚጠፋ የለም። ሰጠኝ ሕመሙን ረስቶ በስድስት እስከማባዛት ደረሰ።

«የሰባቱን ድነህ አምጣልኝ» አሉ ሐጂ። «እስከዚያ ባለዕዳዬ ነህ። የእኔ ባለዕዳ ደግሞ ሳይከፍል አይሞትም።»

ዳነ። አልጋው ላይ ሆኖ በሰባት ቢያባዛው 999999 ሆነበት። ደግሞ ሞከረ፤ ያው። እነዚያ ስድስቱ የት ገቡ? የተሳሳተ መሰለውና አፈረ።

እዚያው ቆላ ቀረ፣ መሬት ያዘ፣ ወለደ። ለውለታቸው ፍየል ቢነዳላቸው ሐጂ ፍየሉን መለሱለት። በየዓመቱ ሰሊጡን ሲያስረክብ፣ ሐጂ ጥራት በሚያዩበት ትሪ በተነጠፈው ሰሊጥ ላይ ሒሳቡን በጣታቸው ይጽፋሉ። ሲተማመኑ በመዳፋቸው ያለሰልሱታል። ሒሳቡ ተዘጋ ማለት ነው። ከዚያ ቀና ብለው «የሰባቱስ?» ይላሉ።

«ገና ነው ሐጂ» እያለ ሸበተ።

ዘንድሮ የሐጂ ግማሽ አካል አልታዘዝ አለ። አንደበታቸውም ተዘጋ። ልጃቸው ሩፊዳ ሰጠኝን በር ላይ ተቀበለችው።

«አያ ሰጠኝ፣ አባባ ይስሙኝ አይስሙኝ አላወቅኩም። ስጠራቸው ጣራ ጣራ ያያሉ። ዘመድ ሁሉ ‹ልባቸው ሄዷል፣ አትልፊ› ይለኛል። እሱን ብቻ ባውቀው።»

«ትሪያቸውን አምጪ። ሰሊጥ አፍስሺበት።»

ጎናቸው ተቀምጦ 142857 ጻፈ። «በሁለት፣ ሐጂ።»

ጣራውን ያያሉ። ሩፊዳ ፊቷን አዞረች። ሰጠኝ አልተነሳም። ቆይቶ ዓይናቸው ወረደ። ግራ እጃቸው ተጎትቶ ትሪው ላይ ወጣ። 285 ጻፉ፤ አረፉ። 714 ጨመሩ።

«አልሐምዱሊላህ! አባባ፣ አሉ ለካ!» ሩፊዳ እግራቸው ሥር ተቀመጠች።

አሁን ተራው የሰጠኝ ነበር። ትሪውን ወደ ራሱ ሳበ።

«ስህተት መስሎኝ ይዤው ኖርኩ፣ ሐጂ። ከነስህተቱ ይቀበሉኝ። ያን ዕለት ዓይንህን ግለጥ ባይሉኝ፣ ዛሬ የሚጽፍ እጅም አይኖረኝም ነበር። እግዜር ይስጥልኝ።»

999999 ጻፈ።

ሐጂ ዘጠኞቹን አንድ በአንድ ነኳቸው። በደህናው በኩል ከንፈራቸው ፈገግ አለ። ከዚያ መዳፋቸውን ዘርግተው ሰሊጡን ከዳር እስከ ዳር አለሰለሱት።