ሚስቱ ስትሳፈር የምትፈላው መኪና

አናጢው ብቻውን ሲነዳት መኪናዋ ጨዋ ናት። ሚስቱ አጠገቡ ስትቀመጥ ግን ትፈላለች።

ነገሩ መጀመሪያ አሳቃቸው። አሮጌዋ ፒክአፕ ጣውላ ጭና፣ ዳገት ወጥታ፣ ቁልቁለት ወርዳ ስትመለስ የሙቀት መለኪያው መርፌ ከመሃል ንቅንቅ አይልም። ሚስቱን ይዞ ገበያ ድረስ ሲሄድ ግን መርፌው እንደ ሌባ ኮቴውን አጥፍቶ ወደ ቀዩ ይሳባል። ከዚያ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ቡልቅ ይላል። ባልና ሚስት ወርደው መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ፤ ያውም ሰው እያየ።

«ክብደቴ ነው እንዴ?» አለች ሚስቱ የመጀመሪያው ቀን።

«አንቺ ከአንድ ሳንቃ አትበልጪም።»

«ከምን ዓይነት ሳንቃ?»

«ከቀጭኑ» አላት።

ሲደጋገም ግን ሳቁ ቀረ። ሚስቱ ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጠች፣ «ገደ ቢስ ሆኜባት ነው እንጂ ሌላ አይደለም» አለች። «ልጃችን ዘንድ አንተ በመኪናህ ሂድ። እኔ በአውቶቡስ እመጣለሁ።»

ልጃቸው ሌላ ከተማ ትኖራለች። የበኩር ልጇን ከወለደች ገና ወሯ ነው። አናጢው ለልጅ ልጁ አልጋ ሠርቶ፣ ጠርዙን እጅ እንዳይቧጥጥ አለስልሶ ጨርሷል። ቅዳሜ ይዘውት ሊሄዱ ነው። በአውቶቡስ ማለቷ ከመኪናዋ መፍላት ይልቅ እሱን አቃጠለው። ከተጋቡ ጀምሮ መንገድ የሄዱት አብረው ነው። እሱ ይነዳል፣ እሷ ታወራለች። እሷ ካላወራች መንገዱ ምኑን መንገድ ሆነ? ይህን ግን አፍ አውጥቶ አልነገራትም። «እናያለን» ብቻ አላት።

መካኒኩ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። ጋራዡም ከአናጢው ቤት ጥቂት አለፍ ብሎ ነው። እጁ ለሥራ አይሰንፍም፣ ምላሱ ግን ይቀድመዋል። በቅርቡ የመኪናዋን የውሃ ፓምፕ የቀየረው እሱ ነው። አሁን ደግሞ ራዲያተሩን አጠበ፣ ክዳኑን ለወጠ፣ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ዳበሰ። ከዚያ ለሙከራ ይዟት ወጣ። እሱ ሲነዳ ሰውም ዶሮም መንገድ ይለቃል። ሲመለስ መርፌው መሃል ላይ ነው።

«ጋሼ፣ ይህች መኪና ከእኔ ትሻላለች» አለ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «በሽታዋ እትዬ ናት። እትዬን አውርዳት፣ መኪናህ ትድንልሃለች።»

«እህትህን ነው እንዲህ የምትለው?»

«ስለማውቃት ነዋ! ልጅ ሆኜ እኔንም ታፈላኝ ነበር።»

ሚስቱ የጋራዡ በር ላይ ቆማ ትሰማ ኖሯል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ያገኘችውን አንስታ ትወረውርበት ነበር። ዛሬ ግን ፊቷን አዙራ ወደ ቤቷ ተመለሰች። መካኒኩ ይህን ሲያይ ሳቁን ዋጠ።

«እውነቱን ንገረኝ» አለው አናጢው።

«የቴስታታው ጓርኒሲዮን፣ ያ የሞተሩ ክዳን ማሸጊያ፣ ተቃጥሎ ይሆናል። ሞተሩን ከላይ ከፍቼ ልየው። ሳምንት ይፈጃል።»

«ቅዳሜስ?»

«ቅዳሜማ በአውቶቡስ ነው።»

አናጢው ሳይለካ እንጨት ቆርጦ አያውቅም። «ሞተሩን እንዳትነካ፤ ትንሽ ላስብበት» አለና መኪናዋን ይዞ ወጣ።

በማግስቱ ጣውላ ሊያመጣ ብቻውን ሄደ። ሲመለስ ድርቆሽ የጫነ ጋሪ ከፊቱ ገባ። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ማለፊያ የለውም። ፈረሱ ደግሞ የሚያስቸኩለው ጉዳይ ያለው አይመስልም። አናጢው ጡሩምባ ነፋ።

ባለጋሪው ዞር ብሎ፣ «ፈረሱ ጡሩምባ አይሰማም፣ አባቴ!» አለው።

አናጢው እያጉረመረመ ከኋላ ከኋላ ይከተል ጀመር። ድርቆሹን ማየት ሲሰለቸው ዓይኑ መርፌው ላይ አረፈ። መርፌው ወደ ቀዩ እየተሳበ ነው።

ጎኑን አየ። ወንበሩ ባዶ ነው።

«ሚስቴ የለችበትም!» ብሎ ጮኸ።

መኪናዋን ዳር አስይዞ አጠፋትና ብቻውን ሳቀ። መኪናው ስትፈላበት እንዲህ ደስ ያለው ሰው ከእሱ በፊት ስለመኖሩ እንጃ።

እስክትበርድ ድረስ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ አሰበ። እሱ ብቻውን ሲሆን ይከንፋል። የመካኒኩማ አይነሳ። ሚስቱ ስትኖር ግን «ቀስ በል» አለችበት። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ትለዋለች። እሱም «እንቁላሉ ሲደርስ አላየሁም» ይላታል፤ ይበል እንጂ እግሩን ከነዳጁ ላይ ያነሳል። እንግዲያው መኪናዋን የሚያፈላት ዝግታው ነው። ስትሮጥ ነፋሱ ከፊት እየገባ ራዲያተሩን ያበርድላታል። ስታዘግም አየሩን የሚስብላት ማራገቢያው ነው። ማራገቢያው ይዞራል፤ ሲዞር በዓይኑ አይቶታል። ግን መዞርና መሥራት አንድ ነው እንዴ? ስንት ሰው ሲዞር ውሎ ይገባል።

ጋራዡ እንደደረሰ ወሬ አላበዛም። «ሞተሩን እንዳለ ተወውና ጋዜጣ አምጣ።»

«ልታነብላት ነው?» አለ መካኒኩ።

አናጢው ሞተሩን አስነስቶ አንድ ገጽ ቀደደና ከፊት ለፊት ራዲያተሩ ላይ ለጠፈው። ማራገቢያው ከኋላ እየሳበ ወረቀቱን አጥብቆ ሊይዘው ይገባ ነበር። ወረቀቱ ግን ግድግዳ ተደግፎ እንደቆመ ሰካራም ቀስ እያለ ተንሸራቶ መሬት ላይ ተዘረጋ። ደገመው። ያው ነው።

መካኒኩ ቀልዱ ጠፋበት። ሞተሩን አጥፍቶ አንገቱን ከኮፈኑ ሥር አስገባ፤ የማራገቢያውን ምላሶች በጣቱ ዳበሰ። ከዚያ ቶሎ ቀና አላለም።

«ምን አገኘህ?» አለው አናጢው።

«ጋሼ… ተገልብጧል።»

«ምኑ?»

«ማራገቢያው። የምላሶቹ ጎድጓዳ ወገን ወደ ሞተሩ መሆን ነበረበት። ወደ ራዲያተሩ ዞሯል። አየሩን አያፍሰውም፤ እየዳሰሰው ያልፋል።»

አናጢው ሚስቱን አስጠራት። መጥታ አጎንብሳ አየች።

«በማንኪያ ጀርባ ሾርባ እንደመጠጣት በሉኛ!» አለች። «ማን ነው የገጠመው?»

ወንድሟ ራሱን አከከ። «ፓምፑ ሲቀየር ማራገቢያው ይወልቃል። ያኔ ሲመለስ ይመስለኛል።»

«ፓምፑን ማን ቀየረው?»

«አንድ መካኒክ ነበር» አለ። «ሰፈር ለቋል።»

የወደቀውን ጋዜጣ አንስታ ጠቀለለችና ወረወረችበት። ትከሻው ላይ አረፈ። አናጢው ይህን ሲያይ ነገሩ ሁሉ እንደተቃና ገባው።

ማራገቢያውን ፈትቶ አዙሮ መግጠም ብዙ ጊዜ አልፈጀም። ሞተሩን አስነስተው አዲስ ወረቀት ለጠፉ። ጥብቅ ብሎ ቀረ። መካኒኩ ሊነቅለው ሲል አናጢው «ተወው፣ ደስ ይላል» አለው። መኪናዋ እዚያው እንደቆመች ለረጅም ጊዜ ሠራች። መርፌው መሃል ላይ ረጋ።

ቅዳሜ ጠዋት አልጋውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ከኋላ አሰሩት። ሚስቱ በሩን ከፍታ ትንሽ ቆም አለች። ከዚያ ገብታ ተቀመጠች።

ገና ከሰፈር ሳይወጡ «ቀስ በል» አለችው።

ቀስ አለ። የልጃቸውን፣ የልጅ ልጃቸውን፣ የጎረቤቱን ነገር አንስታ ታወራ ጀመር። መርፌው አልተነቃነቀም። ከተማውን እንደወጡ ድርቆሽ የጫነው ጋሪ ከፊታቸው ገባ። አናጢው ጡሩምባውን አልነካም።

«አንተ ሰውዬ፣ እለፈው እንጂ!» አለች ሚስቱ። «ልጅቷ ትጠብቀናለች።»

«ምን አስቸኮለሽ?» አላት። «ባይሆን የጎረቤቱን ጨርሺልኝ።»